አየር ማቀዝቀዣ በአሮጌና በእጅ በተሠሩ መኪኖች

በአሮጌ ወይም በእጅ በተሠራ መኪና ላይ አየር ማቀዝቀዣ (በተለምዶ ኤሲ) መግጠም ማለት፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ማቀዝቀዣ ያልነበረው መኪና ኮምፕረሰር፣ ኮንደንሰር፣ ኢቫፖሬተርና ተያያዥ ዕቃዎች ተጨምረውለት የተሳፋሪውን ክፍል አየር ማቀዝቀዝና ማድረቅ እንዲችል ማድረግ ነው። ሥራው ዕቃዎቹን ገዝቶ በመገጣጠም ብቻ አያልቅም። ማቀዝቀዣው ከሞተሩ ጉልበት፣ ከባትሪው ኤሌክትሪክ፣ ከራዲያተሩም የሚነፍስበትን አየር ይሻማል። ስለዚህ ገጣሚው በቅድሚያ ማወቅ ያለበት መኪናው ይህን ተጨማሪ ሸክም የት ላይ መሸከም እንደሚያቅተው ነው። እንደ ኢትዮጵያ ባለ ደጋና ቆላ በአንድ ቀን ጉዞ በሚፈራረቁበት አገር ይህ ቦታ ብዙውን ጊዜ በጣም ሞቃቱ ሜዳ ሳይሆን ከሸለቆ የሚወጣው ዳገት ነው።

ታሪክ

በመኪና ላይ አየር ማቀዝቀዣን እንደ አማራጭ ለገዢ በማቅረብ የመጀመሪያው የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 አስተዋውቆ በ1940 ሞዴሎቹ ላይ ሸጦታል። የፓካርዱ ማቀዝቀዣ በጣም ውድ ነበር፤ የሚያቀዘቅዘው ክፍልም ከኋላ በኩል በዕቃ መጫኛው ውስጥ ሰፊ ቦታ ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ናሽ የተባለው ኩባንያ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን አንድ ላይ አጣምሮ ከፊት ለፊት የሚገጠም መሣሪያ አወጣ። ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ያለው አቀማመጥ ይህንኑ ይመስላል።

በዚያው አገር ወጣቶች ከ1930ዎቹ ጀምሮ ርካሽ አሮጌ መኪኖችን እየገዙ፣ ክብደት እየቀነሱና ኃይለኛ ሞተር እየገጠሙ በካሊፎርኒያ ደረቅ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይወዳደሩ ነበር። እነዚህ መኪኖች ሆት ሮድ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ፎርድ ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው መነሻቸው ነው። ሆት ሮድ መጀመሪያ የተሠራው ለፍጥነት ስለነበር ስለ ምቾት የሚጨነቅ አልነበረም። ቆይቶ ግን ባለቤቶቹ ረጅም መንገድ ይነዱት ጀመር፤ ማቀዝቀዣም ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1976 በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ የተመሠረተው ቪንቴጅ ኤር ለእንዲህ ዓይነት መኪኖች የሚሆን አነስተኛ ማቀዝቀዣ በመሥራት ከሚታወቁት ኩባንያዎች አንዱ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሆት ሮድ የሚባል የተለመደ ባህል የለም። አሮጌ መኪናን እያደሱ ማቆየትና አካልን በእጅ መሥራት ግን የቆየ ሙያ ነው። የዚህ ሙያ ቃላት አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆን፣ ቺንጋ፣ ላሜራ፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የመሳሰሉት ዛሬም በየጋራዡ ይሰማሉ። ለርዕሱ የሚቀርቡት የመኪና ዓይነቶች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው በተለምዶ ቮልስ የሚባለው የቮልስዋገን ቢትል ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ስለነበር መኪናው በአገሪቱ ታሪክም ይነሳል። የዚህ መኪና ምርት እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ያበቃ ቢሆንም፣ በአዲስ አበባ ዛሬም እየታደሰ የሚነዳ ቮልስ ይታያል። ሁለተኛው ቅጥቅጥ የሚባለው አውቶቡስ ነው። ቅጥቅጥ የጭነት መኪና ሻሲና ሞተር ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአይሱዙ፣ በአገር ውስጥ ጋራዥ ላሜራ ተቀጥቅጦ አካል ሲሠራለት የሚገኝ ተሽከርካሪ ነው። ሻሲው ከአንድ ቦታ፣ አካሉ ከሌላ፣ ወንበሩ ከሦስተኛ ስለሚመጣ ማቀዝቀዣ መግጠም የሚፈልግ ሰው ልክ እንደ ሆት ሮድ ሠሪ ለዚያ መኪና ተብሎ የተዘጋጀ ዕቃ አያገኝም።

አሮጌ መኪና ተፈላጊ ሆኖ የቆየበት አንዱ ምክንያት የአዲስ መኪና ዋጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ እያለ የሚሄድ ታክስ ጥሏል። ስለዚህ ብዙ ባለቤት መኪናውን ከመለወጥ ይልቅ የጎደለውን ጨምሮበት መንዳትን ይመርጣል።

አሠራሩ

አየር ማቀዝቀዣ ብርድ አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ይጥላል። ይህን የሚያደርገው በተዘጋ መስመር ውስጥ የሚዞር፣ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ነው። ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ የሚገኘው አር-134ኤ በባሕር ጠለል ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ግፊቱ ሲጨምር የሚፈላበት ሙቀትም ይጨምራል። ሙሉው ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ባሕርይ ላይ ነው።

ዑደቱ አራት ደረጃዎች አሉት፦

ኮምፕረሰር፦ በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ ጋዙን ይጨምቃል። ጋዙ ሲጨመቅ በጣም ይሞቃል።

ኮንደንሰር፦ ከራዲያተሩ ፊት የሚቀመጥ፣ ራዲያተር የሚመስል ዕቃ ነው። የሞቀው ጋዝ እዚህ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ግፊቱ 13 ባር ገደማ ሲሆን ጋዙ የሚፈስሰው በ50 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከ50 ዲግሪ በታች የሆነ የውጭ አየር ሁሉ ሊያቀዘቅዘው ይችላል።

የማስፋፊያ ቫልቭ፦ ፈሳሹን በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ ግፊቱን በድንገት ይጥለዋል።

ኢቫፖሬተር፦ በተሳፋሪው ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ግፊቱ ወደ 3 ባር ሲወርድ ፈሳሹ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደው በላዩ ከሚነፍሰው የተሳፋሪ ክፍል አየር ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም በቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ በቱቦ ወደ ውጭ ይፈስሳል።

ከኮንደንሰሩ ቀጥሎ ማድረቂያ የሚባል ጠርሙስ አለ። በመስመሩ ውስጥ የቀረውን ጥቂት እርጥበት ይመጣል፤ ቆሻሻም ያጣራል። የማድረቂያው አፍ ክፍት ሆኖ ከቆየ የአየሩን እርጥበት ጠጥቶ ሥራው ያበቃል፤ ስለዚህ ክዳኑ የሚከፈተው ሁሉም ነገር ተገጥሞ ካለቀ በኋላ በመጨረሻ ነው።

መጀመሪያ ሙቀቱን መከላከል

አንድ የመኪና ማቀዝቀዣ በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ዋት ሙቀት ያነሳል። ይህ አንድ መካከለኛ የመኖሪያ ክፍል ለማቀዝቀዝ ከሚበቃው መሣሪያ ጋር የሚመጣጠን ነው። ለትንሽ መኪና ይህን ያህል የሚያስፈልገው መኪናው ላሜራና መስታወት ስለሆነ ነው። በጠራ ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ ታፈስሳለች። እያንዳንዱ ተሳፋሪም 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። በዚህ ላይ ከሞተሩ በወለሉና በፊት ግድግዳው የሚመጣው፣ በበር ስንጥቅ የሚገባው የሞቀ አየርም አለ።

ስለዚህ ርካሹ ማቀዝቀዣ መከላከል ነው። ወለሉንና በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ያለውን ግድግዳ በወፍራም ስሜት ጨርቅ ወይም አሉሚኒየም በተለበጠ ንጣፍ መሸፈን፣ የጣሪያውን ላሜራ ከውስጥ ማልበስ፣ የበርና የመስኮት ጎማዎችን መቀየር፣ የፔዳልና የሽቦ ማለፊያ ቀዳዳዎችን መድፈን የሥራው የመጀመሪያ ክፍል ነው። በቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ይህ በተለይ ይሠራል። ጣሪያው ሰፊ ስለሆነ ባዶ ላሜራ ከተተወ የትኛውም ማቀዝቀዣ አይበቃውም። ያልታሸገ መኪና ላይ ትልቅ ኮምፕረሰር መግጠም ደግሞ የሚያፈስ በርሜል በትልቅ ባልዲ ለመሙላት እንደመሞከር ነው።

ዕቃዎቹን ማስቀመጥ

ኮምፕረሰሩ ከሞተሩ አካል ጋር በጠንካራ ብረት መታሰር አለበት። መደገፊያው ከሳሳ ይንቀጠቀጣል፤ ቺንጋውን ይበላል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። የኮምፕረሰሩና የሞተሩ መዘውሮች በአንድ መስመር መሆናቸው በቀጥታ ብረት ይለካል።

ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ሲቀመጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተትቶ ጠርዙ ይታሸጋል። ካልታሸገ አየሩ በሁለቱ መካከል በጎን ያመልጣል። ኮንደንሰሩ የሚጥለው ሙቀት ከተሳፋሪው ክፍል የተነሳውን ብቻ ሳይሆን ኮምፕረሰሩ የጨመረውንም ስለሆነ፣ 4 ኪሎ ዋት ሙቀት የሚያነሳ ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ ፊት 6 ኪሎ ዋት ያህል ሊጥል ይችላል። ይህ ሁሉ ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን አየር ያሞቀዋል። አሮጌ ራዲያተር በግማሽ ተደፍኖ እያለ ኮንደንሰር ከፊቱ ማቆም ሞተሩን ለማቃጠል አጭሩ መንገድ ነው።

ቮልስ የተለየ ችግር አለው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ ራዲያተር የለውም። ኮንደንሰሩን ከኋላ ሞተሩ አየር በሚስብበት ቦታ ላይ ማድረግ ቀላል ቢመስልም፣ ሞተሩ ለራሱ ማቀዝቀዣ የሚስበው አየር ቀድሞ እንዲሞቅ ያደርጋል። የተሻለው መንገድ ኮንደንሰሩን የራሱ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አድርጎለት ከመኪናው ሥር ወይም ከፊት ማስቀመጥ ነው። የዚህ ዋጋ ደግሞ ከኋላ እስከ ፊት የሚዘረጋ ረጅም ቱቦ፣ ተጨማሪ ጋዝና ብዙ መገጣጠሚያ ነው። በድንጋያማ መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና ከሥር የተሰቀለ ኮንደንሰር የብረት መከላከያ ያስፈልገዋል።

ቱቦዎቹ ለአር-134ኤ ተብለው የተሠሩ፣ ውስጣቸው የፕላስቲክ ሽፋን ያለው መሆን አለባቸው። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ተራ የጎማ ቱቦ ጋዙን ቀስ በቀስ ያስተላልፋል። ቱቦው ከጭስ ማውጫው መራቅ፣ በላሜራ ቀዳዳ ሲያልፍም ጎማ ሊደረግለት ይገባል።

ጉልበትና ኤሌክትሪክ

የመኪና ኮምፕረሰር ከ2 እስከ 5 ኪሎ ዋት ጉልበት ይወስዳል። 200 ኪሎ ዋት ለሚያወጣ የአሜሪካ ሆት ሮድ ይህ የማይታወቅ ነገር ነው። ባለ 1,200 ሲሲ ቮልስ ግን በባሕር ጠለል የሚያወጣው 34 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 25 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በ2,500 ሜትር ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የቀረው 19 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ኮምፕረሰሩ 4 ኪሎ ዋት ቢወስድ ከአምስት አንዱ ሄደ ማለት ነው። ሾፌሩ ይህን የሚያውቀው ዳገት ላይ ሦስተኛ ማርሽ አልጎትት ብሎ ወደ ሁለተኛ ሲወርድ ነው።

ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው። የተሳፋሪው ክፍል ማራገቢያ ከ10 እስከ 15 አምፔር፣ የኮንደንሰሩ ማራገቢያ ተመሳሳይ፣ የኮምፕረሰሩ ክላች ደግሞ ከ3 እስከ 4 አምፔር ይወስዳሉ። ድምሩ ወደ 30 አምፔር ይደርሳል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩ ብዙ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ በኋላ የመጡት ባለ 12 ቮልትም ቢሆኑ በአብዛኛው 30 አምፔር ገደማ የሚያመነጭ የድሮ ጄኔሬተር ነው ያላቸው። ማታ መብራት ሲበራ ባትሪው መራገፍ ይጀምራል። ስለዚህ ወደ 12 ቮልት መቀየርና አልተርኔተር መግጠም ከማቀዝቀዣው የሚቀድም ሥራ ነው። ማራገቢያዎቹ በየራሳቸው ፊውዝና ሪሌይ መሠራት አለባቸው። በዳሽቦርዱ ቀጭን ሽቦ ላይ 15 አምፔር መጫን እሳት ያስነሳል።

ደጋና ቆላ

ደጎሎ የደቡብ ወሎ ጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ መካነ ሰላም ሁሉ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው የመኪና ማቀዝቀዣ ትርፍ ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከደጎሎ ወደ ደቡብ በዓለም ከተማና በለሚ በኩል ወደ ሙከ ጡሪ የሚሄድ ሰው የወንጪትንና የጀማን ሸለቆዎች ያቋርጣል። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም የሚሻገርም ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በአማካይ 1,000 ሜትር በተወረደ ቁጥር አየሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይሞቃል። ጠዋት በጋቢ የተነሳ ተሳፋሪ ቀትር ላይ ሸለቆው ውስጥ ሸሚዙ በላብ ይርሳል፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ብርድ ይገጥመዋል።

ለእንዲህ ዓይነት መንገድ የሚገጠም ማቀዝቀዣ ሦስት የተለያዩ ፈተናዎች አሉበት።

ቁልቁለት፦ ሞተሩ በማርሽ እየያዘ ሲወርድ ጉልበት ስለማይጠየቅ ኮምፕረሰሩ የሚወስደው አይጎዳም፤ እንዲያውም በመጠኑ ሞተሩን በመያዝ ያግዛል። መኪናውን ቀድሞ ለማቀዝቀዝ ይህ ጥሩ ጊዜ ነው። ፍሬኑን ግን አይተካም።

ዳገት፦ ይህ ዋናው ፈተና ነው። ከሸለቆው በሚወጣበት ጊዜ አየሩ ገና ሞቃት ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በራዲያተሩ ውስጥ የሚነፍሰው አየር ትንሽ ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥርም አየሩ ይሳሳል። ክዳን የሌለው ውሃ በ2,500 ሜትር ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤናማ የራዲያተር ክዳን ይህን ወደ 114 ዲግሪ ያሳድገዋል። ጎማው ያለቀ ክዳን በሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ በጀማ ዳገት ላይ ግን ውሃውን ያስተፋል። ስለዚህ ጥሩ ገጣሚ ጋዝ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ወይም የሞተሩ ሙቀት ከወሰን ሲያልፍ ኮምፕረሰሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ያስገባል። ለጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ማጣት ሞተር ከማጣት ይሻላል።

ደጋው ራሱ፦ በክረምት ዝናብና ጉም ሲሆን የተሳፋሪዎች ትንፋሽ የፊት መስታወቱን ይሸፍናል። ማቀዝቀዣው የአየሩን እርጥበት ስለሚያወጣ፣ ከማሞቂያ ጋር አብሮ ሲሠራ መስታወቱን በአጭር ጊዜ ያጠራዋል። ለደጋ ሾፌር የማቀዝቀዣው ትልቁ ጥቅም ይህ ሊሆን ይችላል፤ በጥምዝማዛ መንገድ ላይ ማየት ከምቾት በላይ ነውና። በበጋ ደግሞ በጠጠር መንገድ መስኮት ዘግቶ ከአቧራ ለመጠበቅ ያስችላል። ለዚህ ሁለተኛ ሥራ እንዲያገለግል ማቀዝቀዣው ከማሞቂያ ጋር በአንድ የአየር መስመር መገናኘትና ወደ ፊት መስታወቱ የሚነፍስ መውጫ እንዲኖረው ያስፈልጋል። በዳሽቦርድ ሥር የሚንጠለጠል ብቻውን የቆመ ኢቫፖሬተር ይህን አያደርግም።

አየር ማውጣትና ጋዝ መሙላት

ዕቃዎቹ ከተገጠሙ በኋላ መስመሩ በደረቅ ናይትሮጅን ተሞልቶ መፍሰሱ በሳሙና አረፋ ይታያል። ለዚህ ሥራ ኦክስጅን ፈጽሞ አይሞላም። ኦክስጅን ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ቀጥሎ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ይወጣል። እርጥበት ከቀረ በማስፋፊያ ቫልቩ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋል፤ ከዘይቱ ጋርም አሲድ ፈጥሮ ብረቱን ይበላል።

እዚህ ላይ ከፍታ መለኪያውን ያሳስታል። የተለመደው ማኖሜትር የሚለካው ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር እያነጻጸረ ነው። በባሕር ጠለል ፍጹም ባዶ የሆነ መስመር 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያሳያል። በ2,500 ሜትር ላይ ግን የአየሩ ግፊት ራሱ 560 ያህል ስለሆነ፣ ፓምፑ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን መርፌው ከ560 አያልፍም። በመመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር የሚጠብቅ መካኒክ ደህናውን ፓምፕ ተበላሽቷል ይላል፤ ወይም የሌለ ፍሳሽ ሲፈልግ ይውላል። በተመሳሳይ ምክንያት በሥራ ላይ ያለ መስመር በደጋ ላይ ከመጽሐፉ ሩብ ባር ያህል ከፍ ብሎ ይነበባል።

ብርድም ሥራውን ያዘገያል። በ20 ዲግሪ ውሃ በቫኪዩም ውስጥ ለመፍላት ፍጹም ግፊቱ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መውረድ አለበት፤ በ10 ዲግሪ ደግሞ ወደ 9። ስለዚህ በደጋ ቀዝቃዛ ጠዋት መስመሩ አይደርቅም። ሥራውን ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ማድረግ፣ ፓምፑንም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል ማስኬድ ይመከራል።

ጋዙ የሚሞላው በሚዛን ነው። ለትንሽ መኪና የሚገጠም መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከ700 እስከ 900 ግራም ይይዛል፤ ትክክለኛው ቁጥር በመሣሪያው መመሪያ ላይ ይገኛል። በመለኪያ መርፌ ብቻ ወይም ቱቦውን በእጅ እየዳሰሱ መሙላት በተለይ በደጋ ያሳስታል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ መካኒኩም ጎድሏል ብሎ ይጨምራል፤ መኪናው ቆላ ሲደርስ ግፊቱ ከወሰን በላይ ይወጣል። ለዚህ ሲባል በመስመሩ ላይ ግፊቱ ከ2 ባር ገደማ ሲወርድ ወይም ከ26 ባር ገደማ ሲያልፍ ኮምፕረሰሩን የሚያጠፋ የግፊት ማብሪያ መኖሩ ግዴታ መሆን አለበት።

ዘይቱም ከጋዙ ጋር መስማማት አለበት። ድሮ ከአር-12 ጋር ይሠራ የነበረው የማዕድን ዘይት ከአር-134ኤ ጋር አይቀላቀልም፤ ዘይቱ አንድ ቦታ ተኝቶ ይቀርና ኮምፕረሰሩ በድርቀት ይቃጠላል።

ደህንነትና አካባቢ

የሚያመልጥ ጋዝ ቆዳን እንደ እሳት በብርድ ያቃጥላል፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መካኒክ በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ ኦክስጅን ያሳጣል። በእሳት ሲነካ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ላሜራና ብየዳ ጎን ለጎን በሚሠሩበት ጋራዥ፣ ጋዝ በተሞላ መስመር አጠገብ መበየድ ቱቦውን ሊያፈነዳ ስለሚችል የአካል ሥራው ሁሉ ከመሙላቱ በፊት ማለቅ አለበት። በአር-134ኤ ፋንታ የምግብ ማብሰያ ጋዝ መሙላትም አደገኛ ነው። ያቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ኢቫፖሬተሩ ያለው በተሳፋሪው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ፍሳሽና አንድ ብልጭታ መኪናውን ሊያነድደው ይችላል።

አር-12 የኦዞን ንጣፍን እንደሚጎዳ ከታወቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ምርቱ እንዲቆም ተደርጓል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀላቅላለች። የተተካው አር-134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ምድርን በማሞቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ይበልጣል። ከአንድ መኪና የሚለቀቅ 800 ግራም ጋዝ ከ1.1 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ነው፤ ይህም 500 ሊትር ያህል ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ጋር ይመጣጠናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ የተደረገው ማሻሻያ እነዚህ ጋዞችም ቀስ በቀስ እንዲቀንሱ ይጠይቃል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ አር-1234ዋይኤፍ የተባለ ሌላ ጋዝ እየተተካ ነው፤ ይህኛው በመጠኑ ስለሚቀጣጠል ለሌላ ጋዝ በተሠራ አሮጌ መስመር ውስጥ አይሞላም።

ፍሳሹ ሳይገኝ በየዓመቱ ጋዝ መሙላት የተለመደ ልማድ ነው። ጤናማ መስመር ግን ለዓመታት ሳይሞላ ይሠራል። ጋዝ ከጎደለ የፈሰሰበት ቦታ አለ፤ ከጋዙ ጋር ዘይትም ስለሚወጣ ብዙውን ጊዜ በመገጣጠሚያው ላይ የሚታይ ቅባታም አቧራ ቦታውን ይጠቁማል።

የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር

በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው ቺንጋ ሳይሆን የራሱ ሞተር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኗ ከታወቀ ወዲህ እንዲህ ያሉ መኪኖች በአገሪቱ እየበዙ ስለሆነ፣ ከተጎዱ መኪኖች የሚፈቱ የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰሮችም ለአሮጌ መኪና ሠሪዎች ዓይን ይስባሉ። ለቮልስ ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ከፊት ከኮንደንሰሩ አጠገብ ሊቀመጥ ስለሚችል ረጅሙ ቱቦ ይቀራል። ሆኖም እነዚህ ኮምፕረሰሮች በአብዛኛው የሚሠሩት በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ነው። ብርቱካናማ ሽቦ ያለው መስመር ገዳይ ቮልቴጅ ይይዛል፤ ያለ ሥልጠና አይነካም። በባለ 12 ቮልት የሚሠሩትም ቢሆኑ አቅማቸው ትንሽ ነው፤ 1 ኪሎ ዋት ለማግኘት ከ80 አምፔር በላይ ይጠይቃሉ። ጉልበቱ የሚመጣው ደግሞ ያው ሞተሩ ከሚያዞረው አልተርኔተር ስለሆነ ዳገት ላይ ሸክሙ አይቀርም፤ የሚቀየረው በቺንጋ ፋንታ በሽቦ መምጣቱ ብቻ ነው።